ቁጥሩ ያልገጠመ መቀርቀሪያ

የቆዩ ጠመንጃዎች ነጋዴው አቶ ቱርነር ነጭ የጥጥ ጓንቱን እንዳጠለቀ መቀርቀሪያውን ከጠመንጃው መዝዞ አወጣና ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ከኪሱ ትንሽ አጉሊ መነጽር አወጣ። ብረቱን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ ተመልሶ ብረቱን አየ።

"ወይዘሮ ቡሪ፣" አለ፣ "ይሄ የዚህ አይደለም።"

ሬጉላ ቡሪ ድንች እየላጠች ነበር። እንግዳ ፊት ተቀምጦ ድንች መላጥ ነውር እንደሆነ ታውቃለች። ባሏ ሬስ ከሞተ ወዲህ ግን እጇ ሥራ ካልያዘ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ይገባታል።

"ምኑ ነው የዚህ ያልሆነው?" አለች ቢላዋውን ሳታስቀምጥ።

"መቀርቀሪያው። ጥይቱን አጉርሶ ከኋላ የሚዘጋው ብረት። ይኸው፣ የጠመንጃው አካል ላይ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሰባት ይላል። ማነጣጠሪያ መነጽሩ ላይ ያው ቁጥር ነው። ሳጥኑ ላይም ያው። መቀርቀሪያው ላይ ያለው ግን ባለ ስድስት አሃዝ ነው፤ የተራ ወታደር ጠመንጃ ቁጥር። አክስቴ አፍ ውስጥ የአጎቴን ጥርስ እንዳገኘሁ ይቁጠሩት።"

"ሬስ ነገሩን ሁሉ በሥርዓት ነበር የሚይዘው።"

"አይቻለሁ። አንድ የዝገት ነጥብ የለበትም። ግን ይቆዩ፣ አልጨረስኩም።" መቀርቀሪያውን አዙሮ ጫፉን በጣቱ ነካ። "ጥይቱን የምትመታዋ መርፌ ጫፏ በሞረድ ተበልቷል። በእርጅና አይደለም፤ ሰው ነው ያደረገው፣ ቁጭ ብሎ፣ አስቦበት። ይሄ ጠመንጃ ስንት ዓመት እንደሆነው አላውቅም እንጂ መተኮስ አቁሟል።"

ሬጉላ የላጠችውን ድንች ውኃ ውስጥ ጣለች። መደንገጥ እንዳለባት ታውቃለች። አልደነገጠችም።

ሬስ የሞተው በግንቦት ነው፤ የመጀመሪያውን ሣር አጭዶ ሊነሣ ሲል ልቡ ቆመ። ቀብሩ ላይ ሸለቆው በሙሉ መጣ። የተኩስ ማኅበሩ ባንዲራውን ዝቅ አደረገ፣ ሴቶቹ ዳቦ ይዘው መጡ፣ ሬጉላም ለእያንዳንዱ ስሙን ጠርታ አመሰገነች። ሁሉም እስክታለቅስ ይጠብቅ ነበር። እሷም ትጠብቅ ነበር። ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ከንፈር እንዴት ነው? አለ፣ ግን የራስ አይመስልም። ስድስት ወሩን በሙሉ እንደዚያ ነበረች። ላሞቹን ሸጠች፣ መሬቱን ለጎረቤት አከራየች፣ ላንግናው ከተማ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተዋዋለች። በታኅሣሥ ትገባለች። ከዕቃው ሁሉ ያልተነካው ምድር ቤት ያለው ጠመንጃ ብቻ ነበር።

በእኛ ሸለቆ ጠመንጃ የሌለበት ቤት ፈልጉ ብትባሉ ምናልባት የቄሱን ቤት ታገኙ ይሆናል፤ እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም። የሬስ ግን ከሌላው ጋር የሚቆጠር አልነበረም። ሠራዊቱ ለምርጥ ተኳሾቹ ብሎ ጥቂት ብቻ አሠርቶ፣ ኋላ ጊዜው ሲያልፍበት ለራሳቸው ለተኳሾቹ የሸጠው ነው። የግል ንብረት መሆኑን የምትመሰክር አንዲት ፊደል አፈሙዙ ሥር ተመትታበታለች። እንደዚያ ያለውን ሰብሳቢዎች ከዙሪክም ከሙኒክም ድረስ ይፈልጉታል። ሕጉ ደግሞ ለወራሽ የሚሰጠው ስድስት ወር ነው፤ በዚያ ውስጥ ወይ በስምህ ታስመዘግባለህ፣ ወይ ለተፈቀደለት ሰው ታስተላልፋለህ። ስድስት ወሩ ዓርብ ያልቃል። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

"እንግዲህ እንዴት ይሁን?" አለች ሬጉላ።

አቶ ቱርነር ጓንቱን አወለቀ። መልካም ሰው ነው፣ ወሬ ይወዳል። ሚስቱ ከሰው ይልቅ ለብረት ታዝናለህ እያለች እንደምትነቅፈው ገና ሲገባ ነግሯት ነበር። "እንዲህ እንዳለ ከእርስዎ ልገዛው አልችልም። ውሉን ስንፈራረም ቅጂው በርን ከተማ ወዳለው የመሣሪያ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። እነሱ ዘንድ መቀርቀሪያ ማለት ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው። 'ይሄ ባለ ስድስት አሃዙ የማነው? የሁለት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሰባቱስ የት ሄደ?' ይሉኛል። ምን እላቸዋለሁ?"

"አላውቅም በሏቸው።"

"እንደሱ ካልኩ ፈቃዴን ነው የሚነጥቁኝ። ዓርብ ካለፈ ደግሞ ፖሊስ መጥቶ ይወስደዋል፤ በስንት ዓመቱ ይቀጠቅጡታል። የራሱ መቀርቀሪያ ቢገኝ ግን ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ አሁኑኑ እሰጥዎታለሁ።" ኮቱን አነሣ። "እስከ ማታ ታችኛው መንደር ነኝ፣ የሌላ ሰው ስብስብ አያለሁ። እስቲ ቤቱን ይፈትሹ። ባለቤትዎ ዕቃ የሚያውሰው ሰው ነበር?"

"አልነበረም።"

"የሚጠላውስ?"

ሬጉላ ተነሥታ በሩን ከፈተችለት። አቶ ቱርነር ሲወጣ ማን እንደሆነ አስቀድማ ታውቅ ነበር።

የሚጠላው ሰው ኮቢ ሞሰር ነበር። ኮቢ የተኩስ ማኅበሩን ጠመንጃዎች የሚጠግን፣ ሞረድና ዘይት ከእጁ የማይጠፋ፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ገበሬ ነው። ከሬስ ጋር አብረው ተማሩ፣ አብረው ወታደር ሆኑ፣ አብረው ተኮሱ። የሬጉላን ልጅ ኮርኔሊያን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት በመጋቢት፣ ሬስ ከኮቢ ቤት ፊቱ ነጭ ሆኖ ተመለሰና "ሌባ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሰላም እንዳትዪው፣" አላት። ሬጉላ ምን ሰረቀ ብላ አልጠየቀችም። በእኛ ሸለቆ ሁለት ወንዶች ከተኳረፉ ወይ በወሰን ነው ወይ በተኩስ ውድድር ነጥብ፤ የእነሱ ወሰን በድንጋይ የተለየ ስለሆነ በነጥብ ይሆናል ብላ ደመደመች። ሰፈሩም እንደዚያው። የአውራጃው ውድድር ላይ ነጥብ መዝጋቢው ኮቢ ነበርና፣ ኮቢ የሬስን ነጥብ በላ ተባለ። ኮቢ አንድ ቀንም አላስተባበለም።

ሬጉላ ደግሞ ያዘዟትን ከልቧ የምትፈጽም ሴት ናት። ኮቢ በመንገዱ ሲመጣ ተሻገረች። የኮቢ ሚስት ትሩዲ፣ አብራት ስትዘምር የኖረችው ትሩዲ፣ በአጥሩ ላይ የፕለም ማርማላታ ስታስቀምጥላት ማሰሮውን እንደታሸገ መለሰች። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ትሩዲ ስትሞትም ቀብሯ ላይ አልተገኘችም።

አሁን ያንን መቀርቀሪያ በወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘችና ድልድዩን ተሻገረች። ጭጋጉ እስከ በረቶቹ ጣራ ወርዷል። ንዴት ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነበር፣ እሱን ብቻ ነበር የምታስበው።

ኮቢ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የላም ደወል ማንጠልጠያ ቆዳ በሰም ያሻል። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲያያት ቆዳውን አስቀምጦ ተነሣ።

"አቶ ሞሰር፣" አለች። ድሮ አንተ ትለው የነበረውን ሰው አንቱ አለችው። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ግቢ ሬጉላ። ውጪው ይበርዳል።"

"አልገባም።"

"እንግዲያው ቆመሽ ጠይቂያ።"

ፎጣውን ፈታችው። "ይሄን የሞረዱት እርስዎ ነዎት?"

ኮቢ ብረቱን አልነካውም። ከሩቁ አውቆታል። "እኔ ነኝ፣" አለ።

የመጣችው ክህደት ሰምታ ልትሰድበው ነበር። እሱ ግን በአንድ ቃል አመነ። "የሬስንስ ምን አደረጉት? ሸጡት?"

"ቤት ውስጥ ነው።"

"ሰረቁት ማለት ነዋ።"

"ሬስ እንደዚያ ነው ያለሽ?"

"ሌባ ነው አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔ ነጥብ መስሎኝ ነበር።"

"ነጥብ፣" አለ ኮቢ፤ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። "ሬስን በነጥብ አልፌው የማውቅ ይመስልሻል? ያ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚበልጠኝ።" እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "እንግዲህ ግቢ። ይሄን ደጅ ላይ ቆሜ አልናገረውም።"

ገባች። ወጥ ቤቱ እንደ ድሮው ነው። ኮቢ ዳቦና አይብ አቀረበ፤ ሁለቱም አልነኩትም። ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ በመሃላቸው አደረገችው።

"ያ ጥር ትዝ ይልሻል?" አለ።

እንዴት አይታወሳት። አንዲት ላም ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የእብድ ላም በሽታ ነው ተባለ፤ ሕጉም ጤነኞቹን ጨምሮ አሥራ ዘጠኙም ይታረዱ አለ። ሬስ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራ መኪናው ላይ ጫናት። ከዚያ በኋላ ባዶው በረት ውስጥ እየገባ ይቀመጥ ነበር። ሬጉላ ያዘነ መስሏት ሾርባ ትወስድለት ነበር።

"በየካቲት አንድ እሑድ ጠዋት መጣ፣" አለ ኮቢ። "አንቺ ልጅቷን ይዘሽ ቤተ ክርስቲያን ነበርሽ። መቀርቀሪያውን በወተት ማጥለያ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። እዚህ ጋ አስቀመጠው። 'ኮቢ፣ ራሴን አላምነውም። ይሄን ያዝልኝ። መልስልኝ ብዬ ብመጣም እንዳትሰጠኝ፣' አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅሁትም።"

ሬጉላ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። "ራሱን ሊገድል ነበር?"

"ፈርቶ ነበር። ከዚያ በላይ አላውቅም። መሞት አማረኝ አላለም፣ ራሴን አላምነውም ነው ያለው። እኔ ደግሞ አንቺ ምድር ቤት ወርደሽ ባዶውን ብታዪው ትጠይቂዋለሽ ብዬ አሰብኩ። ከአባቴ የወታደር ጠመንጃ ላይ መቀርቀሪያውን አወጣሁ፤ ትንሽ ሳስተካክለው ገባለት። መርፌውን ሞረድኩት። ላም የለችምና የምታልቢው አልነበረሽም፤ ሐሙስ ማታ ለመዝሙር ልምምድ ስትወጪ ገብቼ ገጠምኩት።"

"ትሩዲም እዚያው ልምምድ ላይ ነበረች።"

"እንድታቆይሽ ነግሬያት ነበር።"

ሬጉላ ያንን ሐሙስ ለማስታወስ ሞከረች። ትሩዲ አንዱን መዝሙር ሦስቴ እንድገመው ያለችበት ማታ ይሆን? ሌላም ማታ ሊሆን ይችላል።

"በመጋቢት ተመልሶ መጣ፣" አለ ኮቢ። "ስጠኝ አለ። እንቢ አልኩት። ለመነኝ። ኮሌታዬን ያዘኝ። አለቀሰ። ኋላ ሌባ ነህ፣ ለሸለቆው ሁሉ ነው የምናገረው አለኝ። ተናገር አልኩት። ተናገረም።"

"ከዚያ በኋላስ? ሲሻለው?"

"በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ላሞቹ ከተራራ ሲወርዱ አጥሩ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። አዲሶቹ ላሞች ደርሰው ነበር፣ መልኩም ተመልሷል። 'አለ?' አለኝ። 'አለ፣' አልኩት። 'እንግዲያው ይቀመጥ፣' አለና ሄደ። በየዓመቱ መስከረም እንደዚያው ነው። አለ? አለ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲያ አንነጋገርም።"

"ለምን አልታረቃችሁም?"

"ከታረቅን በምን ተጣልታችሁ ነበር ትይናለሻ።"

በሩ ሥር የተኛው የኮቢ ውሻ ተንፍሶ ጎኑን ቀየረ። ሬጉላ ያኔ ተናደደች። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያው ስሜቷ ይሄ ነው፣ የመጣውም በሟቹ ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ተኝታለች፣ ሾርባውን ሠርታለች፣ ካልሲውን ጠግናለች፤ ጥዪው ያላትን ሰው ጠልታለች። እሱ በየመስከረሙ አጥር ላይ ቆሞ ከጠላቱ ጋር የሕይወቱን ነገር በአንዲት ቃል ይጨርስ ነበር። ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየላትም። እንደመጣ ሄደ፣ የቀድሞው ባዶነት ተመለሰ፤ የምትይዘው ነገር እንደተነጠቀች ሁሉ አዘነች።

"ለእኔ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?" አለች። አንቱታውን መቼ እንደጣለችው አላወቀችም። "ኮቢ፣ እኔ እኮ የትሩዲ ቀብር ላይ አልመጣሁም።"

"አልመጣሽም።"

"ታውቅ ነበር? ትሩዲ?"

"ሁሉን ታውቃለች። አንድ ቀን ለሬጉላ ልንገራት ስላት፣ 'ተዋት ትቆጣን። የተቆጣች ሴት ቤታችን መጥታ ቁም ሣጥን አትከፍትም፣' አለችኝ።"

ተነሥቶ ከግድግዳው ቁም ሣጥን የቆርቆሮ ሣጥን አወጣ። ውስጡ ጨርቅ፣ በጨርቁ ውስጥ መቀርቀሪያው ነበር። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ሬጉላ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቁጥሩን አነበበች። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሰባት።

"በየዓመቱ ዘይት እቀባዋለሁ፣" አለ ኮቢ። "ዘንድሮ መስከረም ማንም አልጠየቀኝም። ቢሆንም ቀባሁት።"

"ሕጉ እንዲህ ያለውን ነገር ያለ ወረቀት መያዝ ይከለክላል አሉ።"

"አውቃለሁ። አዲሱ ሕግ ሲወጣ ቅጽ ላኩልን። ምን ብዬ ልሙላው? የማነው ቢሉኝ የሬስ። ለምን አንተ ጋ ሆነ ቢሉኝስ? ቅጹን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ውሰጂው እንግዲህ። አደራው ለሬስ ነበር፣ ሬስ ደግሞ ከእንግዲህ አያስፈራም።"

መቀርቀሪያውን ፎጣዋ ላይ አስቀመጠችው። "ለሰው ልናገር?"

"ተዪው። ሰፈሩ ለምዶታል። እኔም ለምጄዋለሁ።" ዳቦውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። "ያልለመደችው ትሩዲ ብቻ ነበረች።"

ሬጉላ ሁለቱንም ብረቶች በአንድ ፎጣ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ድልድዩ ላይ ቆመች። እዚህ ማልቀስ ይቻል ነበር፤ ሰው የለም። ዓይኗ እንደ ደረቀ ሄደች።

አቶ ቱርነር አመሻሽ ላይ መጣ። መቀርቀሪያውን ከፎጣው ሲያወጣው ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል የገባ ይመስል። ገጠመው። ከፈተው፣ ዘጋው፤ ድምፁ ለስላሳና አጭር ነበር። ሬጉላ ያንን ድምፅ ከሰማች ስንት ዓመቷ ነው?

"አራቱም ቁጥር አንድ፣" አለ። "ወይዘሮ ቡሪ፣ በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ሁለት ብቻ ነው ያየሁት። ያኛውን የተሞረደውን ነገ ለፖሊስ ይስጡ፣ ከምድር ቤት ተገኘ ይበሉ፣ አለቀ። የት ነበር?"

"ተገኘ።"

"ዋናው መገኘቱ ነው። እንግዲህ ውሉ ይኸው። አንዲት ወረቀት ደግሞ አለች፤ ሰብሳቢዎች የሚፈልጓት እሷን ነው።" ከቦርሳው አወጣ። ሁለት መስመር ናት። ጠመንጃው ከሠራዊቱ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ከነክፍሎቹ ከቡሪ ቤት ወጥቶ አያውቅም ትላለች። "እዚህ ጋ ስምዎን ብቻ።"

ሬጉላ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። እንደገና አነበበች። "ወጥቷል፣" አለች።

"ምኑ?"

"መቀርቀሪያው። ኮቢ ሞሰር ቤት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት።"

አቶ ቱርነር ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። "ማንም አልጠየቀዎትም እኮ። እኔም አልጠየቅሁ፤ የት ነበር አልኩ እንጂ ይመልሱልኝ አላልኩም።"

እሷ ግን እስክሪብቶውን አንሥታ ነበር። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ሰረዘች። ከሥራቸው፣ የላሞቹን መዝገብ ስትጽፍ በኖረችበት ክብ ክብ ፊደሏ ጻፈች። መቀርቀሪያው የተሰጠበትን ወርና ዓመት አስገባች። ኮቢንና ሬስን በሙሉ ስማቸው ጠርታ፣ መቀርቀሪያው ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ በያኮብ ሞሰር እጅ እንደነበረ፣ የሰጠውም ባለቤቱ አንድሬአስ ቡሪ ራሱ በአደራ እንደሆነ፣ ዛሬ እንደተሰጠ መመለሱን። ያንን ዓመትና ያንን ወር ያየ ሰው ላሞቹን ያስታውሳል። ለምን አደራ ሰጠ ብሎም ይጠይቃል፤ ትንሽ ካሰበ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። ይጠይቁ አለች በልቧ።

አቶ ቱርነር ጽሑፉን ከማዶ እንደተገለበጠ አነበበው። "ይቺ ሦስት ሺህ ፍራንክ ታሳጣዎታለች። ገዢው 'ሌላ ሰው እጅ ከቆየ ቁጥሩ ኋላ የተመታ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?' ነው የሚለኝ። በርን ከተማ ያሉትም ሰውየውን ይጠይቁታል።"

"ምን ያደርጉታል?"

"በዚህ ዕድሜው? ትንሽ ቅጣት። ምናልባት የተግሣጽ ደብዳቤ።"

"ቅጣቱንም ከእኔ ገንዘብ ላይ ይቀንሱ።"

አቶ ቱርነር ጠመንጃውን አየ፣ እሷን አየ። መከራከር እንደማያዋጣ ገባው መሰለኝ። "ከሆነ እሱም ሊፈርም ይገባል። የእርስዎ ፊርማ ብቻውን የአንድ ወገን ወሬ ነው። የት ይገኛል?"

"አሁን አይብ ቤት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሸለቆው በሙሉ ወተቱን የሚያስረክበው እዚያ ነው።"

"እንግዲያው ችግር የለም። አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል፣ ያኔ ለብቻው እናገኘዋለን። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይፈረምም።"

ሬጉላ ተነሥታ ካፖርቷን ከማንጠልጠያው አወረደች። ለበሰችው፤ ቁልፎቹንም እስከ አንገቷ ቆለፈች። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ስታነሣ አላጠፈችውም፣ ፊደሉ ወደ ላይ እንደሆነ ያዘችው።

"እርስዎም አሁኑኑ ይነሡ፣ አይብ ቤት እንሄዳለን፣" አለችው። "ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል።"